የአበባ ራስ ጅማ ላይ፦ ብርድ የሚጠብቀውና ዝናብ የሚጠብቀው

እህቴ ከሆላንድ ስትመጣ ሁለት ከረጢት የአበባ ራስ ይዛልኝ መጣች፣ ጥቅምት ላይ ነው፣ አንዱ ክሮከስ አንዱ ሙስካሪ የሚባል፣ ሁለቱም የጣት ጫፍ የሚያክሉ፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ደቃቃ የሀበሻ ሽንኩርት የሚመስሉ። ከረጢቱ ላይ ያለው ፎቶ በረዶ ሰንጥቆ የወጣ ሐምራዊ አበባ ነው። መስኮቴ ስር መደብ አዘጋጅቼ ቀበርኳቸው፣ በሶስተኛው ሳምንት ሳር የመሰለ ቀጭን ቅጠል ወጣ፣ ደስ ብሎኝ ጠዋት ጠዋት ከቡና በፊት እሱን ነበር ወጥቼ የማየው፣ ህዳር አለፈ ታህሳስ አለፈ ጥር አለፈ፣ ቅጠሉ ይረዝማል እንጂ አበባ የሚባል ነገር የለም። የካቲት ላይ አንዱን ሙስካሪ ነቅዬ በሽንኩርት ቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ልክ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፣ ነጭ፣ እርጥብ፣ ጤነኛ፣ መሀሉ ላይ ግን የክብሪት ራስ የምታክል ቡናማ የደረቀች ነገር ተቀምጣለች። አበባዋ እሷ ነበረች። ተሰርታ አልቃ ከሆላንድ ድረስ መጥታ ነው እኔ መስኮት ስር የደረቀችው።

ብዙ ሰው እዚህ ጅማ እንደዚህ አይነት ራስ ዘመድ ያመጣለትና ሳያብብ ሲቀር ወይ ራሱ የሞተ ነበር ወይ አፈራችን አይሆነውም ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም አይደለም። ነገርዬው ሲገባችሁ ደግሞ ጅማ ላይ የትኛው ራስ እንደሚያብብና የትኛው እንደሚያደክም ሳትተክሉት በፊት ታውቃላችሁ፣ ስለዚ ረዘም አርጌ ልጻፈው።

ራስ የምለው የግብርና ሰዎች ኮረት የሚሉትን ነው፣ ሽንኩርትን አስቡ። ስር አይደለም፣ ስሩ ከታች የሚበቅለው ጺም የመሰለው ነው። ራሱ የስንቅ ከረጢት ነው፣ ተክሉ መጥፎ ወቅት ሲመጣበት ቅጠሉን ጥሎ ምግቡን እዚያ ውስጥ አጭቆ መሬት ስር ይተኛል። ክሮከስና ሙስካሪ የተፈጠሩበት አገር፣ ማለትም ከሜዲትራኒያን ዙሪያ እስከ ቱርክና ከዚያም ወዲያ ወደ መካከለኛው እስያ ያለው ደጋ፣ በጋው፣ ማለትም እኛ ክረምት ላይ ስንሆን፣ ደረቅና ሞቃት ነው፣ ክረምቱ፣ ማለትም እኛ በጋ ላይ ስንሆን፣ በረዶ ነው። ስለዚ በነሱ በጋ ላይ መሬት ስር ይተኛሉ፣ ተኝተው ግን ስራ አይፈቱም፣ የሚመጣውን አበባ በዚያው ሙቀት ውስጥ ሰርተው ይጨርሳሉ። ከዚያ ብርድ ይመጣል፣ ሶስት ወር ምናምን። ብርዱ ሲበቃው በራሱ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ግንዱን የሚያስረዝመው ሆርሞን መስራት ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ ሙቀት ሲነካው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ብርዱ ካልመጣ አበባው እዛው ውስጥ ይቀራል፣ እኔ በቢላ ከፍዬ ያየሁት እሱን ነው።

ስንት ብርድ? ክሮከስና ሙስካሪ ከ9 ዲግሪ በታች፣ ቢቻል 5 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ12 እስከ 15 ሳምንት ሳይቋረጥ ይፈልጋሉ፣ ቱሊፕም እንደዛው ነው። አሁን ጅማን አስቡ። ከተማችን 1,700 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ወደ 8 እና 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ጋቢ ያስለብሳል እሱ እውነት ነው፣ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ተመልሶ 26 27 ይገባል። ራሱ ሌሊት የቆጠረውን ብርድ ቀን ያጠፋበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከብርዱ የባሰ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። እነዚህ ራሶች የሚተኙት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፣ ሲተኙ ደረቅ አፈር ይፈልጋሉ። ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፣ ከባዱ የሚወርደው ደግሞ በዚያው እነሱ በተኙበት ወቅት ነው። የኔዎቹ ቅጠላቸውን ጥለው ተኙ፣ ሐምሌ ላይ ስቆፍር ጣቴ መሀል እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ፍርጥ አሉ፣ ሽታቸው ራሱ አይቻልም። ስለዚ አፈሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም የጠፉት፣ ቀን መቁጠሪያቸው ከኛ ሰማይ ጋር ስላልገጠመ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብርድ የለንም እንጂ እንቅልፍ የሚያስተኛ ወቅት አለን እኮ! የኛ ብርድ በጋው ነው፣ ድርቁ። ይሄን ለመረዳት የጅማ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፣ ቡናውን ማየት ነው። የቡና እምቡጥ በበጋ ቅርንጫፉ ላይ ተሰርቶ አልቆ ጥቃቅን ሆኖ ቆሞ ይጠብቃል፣ አያድግም አይሞትም። የካቲት መጨረሻ ወይ መጋቢት ላይ ደህና አድርጎ አንዴ ሲዘንብ፣ ስምንት አስር ቀን ቆጥራችሁ ጠዋት ስትወጡ አገሩ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሽታው መንገድ ላይ ያቆማል። እምቡጡን ያነቃው ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ ከዝናቡ በፊት የነበረው ጥማት ነው፣ በጋውን ሙሉ ውሃ የጠገበ ቡና እንደዛ በአንድ ላይ አያብብም። ብርድ ለክሮከስ የሚሰራውን ስራ ለቡና የሚሰራው ጥማቱ ነው። እና እንደ ቡናው በጥማት ተኝተው በዝናብ የሚነሱ ራሶችም አሉ፣ ጅማ ላይ መትከል ያለብን እነሱን ነው።

እንደዚህ አይነት ራሶችን የጸደይ አበባ ስለሚሏቸው ጸደይ የሚለውንም እዚህ ጋ ላስተካክል፣ ብዙዎቻችን መስከረምን ጸደይ እንላለን፣ በቤተክርስቲያኑ አቆጣጠር ግን የመስከረሙ መጸው ነው፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የጅማ የጸደይ አበባ ራስ ማለት እንግዲህ በዚያ ጸደይ ዋዜማ ላይ በሚጥለው በመጀመሪያው ዝናብ የሚወጣው ነው።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ሬይን ሊሊ የሚሉትን ነው፣ የዝናብ አበባ ልንለው እንችላለን፣ ሳይንሳዊ ስሙ ዜፊራንቴስ፣ በግሪክ የምዕራብ ነፋስ አበባ ማለት ነው። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ አሁን ግን ሞቃት አገር ሁሉ ተሰራጭቷል። ራሱ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ታክላለች፣ ቅጠሉ እንደ ሳር ቀጭን፣ ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ አበባው ስድስት ቅጠል ያለው ነጭ ወይ ሮዝ ወይ ቢጫ ነው። አንድ አበባ ሁለት ሶስት ቀን ቢቆይ ነው ግን ከአንድ እቅፍ ራስ ውስጥ ተራ በተራ ይወጣል።

እኔ ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከእማማ ነው፣ ከግቢያቸው በር እስከ ቤታቸው ደረጃ ድረስ መንገዱን ይዞ በግራ በቀኝ ተተክሏል፣ አስር ወር አላፊ አግዳሚ ሳር ነው ብሎ ያልፈዋል። መጋቢት ላይ ከሰአት በኋላ ያ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ ቆርቆሮው ሲጮህ መነጋገር አልቻልንም ነበር፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ያ ሳር የተባለው ሁለት ረድፍ ሮዝ ሆኖ ቁጭ። በርከክ ብዬ ሳየው ከእያንዳንዱ ቀጭን አገዳ ጫፍ ላይ አንድ አንድ አበባ ብቻ ነው፣ ስሩ ላይ ያለው አፈር ገና ጭቃ ነው፣ አንዳንዱ እምቡጥ ደግሞ ጫፉ ላይ አፈር ይዞ ወጥቷል። ምን አርገውበት ነው ስላቸው "ውሃ አታብዢበት ልጄ፣ እስኪጠማው ተይው" አሉኝ። ከላይ ስለ ሆርሞን ስለ ምናምን የደረደርኩትን እሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

አተካከሉ ቀላል ነው። ለመትከል ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት፣ ዝናቡ ሳይመጣ ተኝቶ እያለ። ጥልቀቱ ከሶስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ አንገቱ ከአፈሩ ላይ ለጥቂት የሚደበቅ ይሁን፣ በመሀላቸው አራት ጣት ያህል። አራርቃችሁ አትበትኑት፣ ይሄ አበባ መጨናነቅ ይወዳል፣ ተጠጋግቶ ሲበዛ ነው ይበልጥ የሚያብበው። ፀሀይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ማግኘት አለበት፣ ከአቮካዶ ወይ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ስር ከሆነ ቅጠል ብቻ ነው የምታገኙት።

አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ራስ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ለምለም ነው ግን ሸክላ ይበዛዋል፣ ወደ ቦዬ ያለው ረግረጉ ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም። ከመትከላችሁ በፊት አንድ ክንድ ያልሞላ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት፣ ከጠጣው በኋላ ድገሙት፣ ሁለተኛው ውሃ በሁለት ሶስት ሰአት ከሰረገ ጥሩ ነው፣ አድሮ ካገኛችሁት እዛ ቦታ ላይ ምንም አይነት ራስ አትቅበሩ። መፍትሄው ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለ መደብ መስራት ነው፣ ዳሩን በድንጋይ ይዛችሁ፣ አፈሩን ከወንዝ አሸዋና ከበሰበሰ የቡና ገለባ ጋር ደባልቃችሁ። የቡና ገለባ እኛ ጋ በሽ ነው፣ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ትኩሱን እንዳትጨምሩ፣ ሲበሰብስ ይሞቃል አፈሩንም ያሳርረዋል፣ ጠቁሮ ተፈርፍሮ ሽታው የጫካ አፈር እስኪሆን መቆየት አለበት። ትኩስ የከብት እበትም ለራስ ጠላት ነው፣ ያበሰብሰዋል። አፈራችን ወደ ኮምጣጣነት ስለሚያደላ በዓመት አንዴ ስስ አርጎ የምድጃ አመድ መበተን አይጎዳም፣ ክምር ግን አታርጉበት።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል። ጅማ ላይ ከግንቦት በኋላ ዝናቡ ስለማያቋርጥ መደብ ላይ ያለው ሬይን ሊሊ ለመጠማት እድል አያገኝም፣ ስለዚ መጀመሪያ ላይ ያብብና ዝም ይላል። በጆግ ወይ በአሮጌ ጀሪካን ቆርጣችሁ ስሩን በስታችሁ ከተከላችሁት ግን ጥማቱን እናንተ ትሰጡታላችሁ። የቤታችሁን ኮርኒስ ስር፣ ማለትም ቆርቆሮው ወጣ ብሎ ዝናብ የማይደርስበት ግን ብርሃን ያለበት ቦታ፣ ጀሪካኑን አስገቡትና አራት ሳምንት ውሃ ከልክሉት። ቅጠሉ ገሚሱ ቢጫ ይሆናል፣ አትደንግጡ። ከዛ አንድ ቀን ከስሩ እስኪፈስ ድረስ አጠጡት፣ በማግስቱም ድገሙት፣ ከሶስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ እምቡጡ ይወጣል። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ኮርኒስ ስር ማስገባት፣ ጳጉሜ 1 ላይ ውሃውን መልቀቅ ነው፣ ቀኑ ሁለት ሶስት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል ምክንያቱም ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፣ ጀሪካኑ ትንሽ ከሆነ ይሻላል።

ሌላው የኛው የገዛ አገራችን ነው። ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ይባላል በሳይንስ ስሙ፣ በበጋው ማብቂያ ጫካ ዳር ወይ ቡና ስር ድንገት ከመሬት ብቅ የሚለው ቀይ ኳስ የመሰለ አበባ፣ አይታችሁታል በእርግጠኝነት። ያ ኳስ አንድ አበባ አይደለም፣ በጣም ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ አገዳ ላይ ተሰብስበው ነው፣ እስከ ሁለት መቶ ይደርሳሉ። ይሄም በድርቅ ተኝቶ በመጀመሪያው ዝናብ ነው የሚነሳው፣ ከሬይን ሊሊ የሚለየው ጥላ መውደዱ ነው፣ ስለዚ ለዛ የአቮካዶ ዛፍ ስር ላለ ቦታ እሱ ነው መልሱ። እባካችሁ ግን ከጫካ ነቅላችሁ አታምጡት። አበባው ካለፈ በኋላ ቀይ ፍሬ ያወጣል፣ ጥቂት ለቅማችሁ ሥጋውን አጥባችሁ ሳይደርቅ በጥላ ቦታ አፈር ላይ ጫን አርጉት፣ ሶስት ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው፣ የጫካው ግን እዛው ይቀራል። ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ የሚሉትም አለ፣ ነጭ ሆኖ መሀሉ ወይን ጠጅ፣ ማታ ማታ የሚሸት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ሆኖ ሳለ አውሮፓ ውስጥ አሲዳንቴራ እየተባለ በከረጢት ይሸጣል። እህቴ ከሆላንድ ራስ ስታመጣልኝ እነሱ የኛን እየገዙ ይተክላሉ፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል።

ለክሮከስና ለሙስካሪ ልባችሁ ከተመኘ ግን መንገድ አለው፣ ፍሪጅ ነው። መጀመሪያ ግን ማንኛውም ተክል ከውጭ ሲገባ ከላኪው አገር የጤና ሰርተፊኬት ይዞ መሆን አለበት፣ ይሄ ለወረቀት ብቻ አይደለም፣ በአንድ ራስ ቅርፊት ውስጥ የሚገባ በሽታ የሰፈሩን ሽንኩርት ሊጨርስ ይችላል። ራሶቹን በወረቀት ከረጢት፣ በፌስታል አይደለም፣ አርጋችሁ ፍሪጁ ታችኛው ክፍል ለ14 ሳምንት ማስቀመጥ ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ትልቁ ጥንቃቄ ፍራፍሬ ነው። ሙዝ አቮካዶ ማንጎ ቲማቲም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ ያ ጋዝ በራሱ ውስጥ ያለችውን እምቡጥ ይገድላታል፣ እና የጅማ ፍሪጅ ያለ አቮካዶ አይታሰብም። ወይ ፍሬውን ውጭ ታስቀምጣላችሁ ወይ ራሱን የጎረቤት ፍሪጅ ታስጠጋላችሁ። መብራት ለጥቂት ሰአት ቢጠፋ ምንም አይደለም በሩን አለመክፈት ነው።

ሂሳቡን ግን አብረን እንስራው። ጥቅምት 1 ፍሪጅ የገባ 14 ሳምንቱን የሚጨርሰው ጥር 9 አካባቢ ነው፣ ተተክሎ ለማበብ ወር ከምናምን ይወስዳል፣ የካቲት ገባ ማለት ነው፣ የካቲት ደግሞ ጅማ ላይ ከዓመቱ ሙቀት አንዱ ነው። ስለዚ ያብባል፣ ግን አጭር ሆኖ ነው የሚያብበው፣ ፎቶው ላይ ያለው ሳምንት የሚቆይ አበባ እኛ ጋ ሶስት አራት ቀን ነው። የጠዋት ፀሀይ ብቻ በሚያገኝ በረንዳ ላይ በማሰሮ አርጉት፣ ካበበ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል ብላችሁ አታስቀምጡት፣ በየዓመቱ አዲስ ራስ ነው የሚጠይቀው። አንዴ ለማየት ካልሆነ በስተቀር ልፋቱ አይመጥነውም ባይ ነኝ።

በመሀል ያሉም አሉ፣ ብርዱን የማይጠይቁ። ከናርሲሰስ ዘር ፔፐርዋይት የሚሉት ነጩ፣ በመስታወት ሳህን ላይ ጠጠር ሞልታችሁ ራሱን ጠጠሩ ላይ አስቀምጣችሁ ውሃው ቂጡን ብቻ እንዲነካ ስታደርጉት ከሶስት እስከ አምስት ሳምንት ያብባል፣ አፈርም አይፈልግ፣ ሽታው ግን ኃይለኛ ነው ትንሽ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል። ፍሪዥያ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው፣ በረዶ አይፈልግም ግን አፈሩ ቀዝቀዝ እንዲልለት ይፈልጋል፣ መስከረም ማለቂያ ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ተክላችሁ አፈሩን በደረቅ ሳር ወይ በኮባ ቅጠል ካለበሳችሁት ህዳርና ታህሳስ ያሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ይበቁታል።

አደጋውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሬይን ሊሊም ናርሲሰስም ስካዶክሰስም መርዝ አላቸው፣ ላይኮሪን የሚባል ነገር፣ ያስመልሳል ሆድ ያጥባል፣ ህፃን ላይ ይከብዳል፣ ፍየልና ላምም ይጎዳል። ችግሩ ደግሞ ሽንኩርት መምሰላቸው ነው፣ ኩሽና አካባቢ በሳህን ካስቀመጣችሁት ወጥ የሚሰራ ሰው ሊከትፈው ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ስታስገቡም ከረጢቱ ላይ በትልቁ "አይበላም" ብላችሁ ጻፉ፣ ለቤት ሰው ሁሉ ንገሩ።

ያው መርዝ ግን በአንድ በኩል ይጠቅማል፣ ፍልፈል የናርሲሰስን ዘመዶች ብዙም አይደፍርም። ክሮከስን ግን እንደ ድንች ነው የሚበላው፣ ከስር ጎትቶ ቅጠሉን ወደ መሬት ሲያስገባው በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ፍልፈል ካላችሁ መደቡ ስር ሽቦ ወንፊት ማንጠፍ ነው ያለው ሌላ ዘዴ አልሰራልኝም።

ቅጠሉን አትቁረጡ። አበባው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ቅጠል ለዓይን አያምርም፣ ግቢ የሚያጸዳ ሰው ሳር መስሎት ሙልጭ አርጎ ያጭደዋል፣ ግን የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሰራው በዚያ ቅጠል ነው፣ ስንቁን ሰርቶ ወደ ራሱ የሚያወርደው እሱ ነው። በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ ብቻ በእጅ ሳብ ስታደርጉት ይመጣል።

ሶስት አራት ዓመት ሲሆነው ጥር ላይ አውጥታችሁ ክፈሉት፣ አንዷ እናት ራስ ዙሪያዋን አምስት ስድስት ልጆች ከባት ታገኛላችሁ፣ በጣት ሲነኩ ይላቀቃሉ፣ ቢላ አያስፈልግም። ከዘርም ይሆናል፣ አበባው በወደቀ በሳምንታት ውስጥ ሶስት ጎን ያላት ፍሬ ትሰነጠቅና ጥቁር ጠፍጣፋ ወረቀት የመሰለ ዘር ትሰጣለች፣ ሳይቆይ ያኔውኑ አፈር ላይ በትናችሁ ስስ አሸዋ ካለበሳችሁት በሁለት ሶስት ሳምንት ይበቅላል። እማማ የሰጡኝ ስምንት ራስ ነበረች፣ ዘንድሮ ጥር ላይ ከፍዬ ስቆጥር አርባ አንድ ሆነዋል፣ ገሚሱን በአንድ አሮጌ ድስት ተክዬ ለእህቴ በረንዳዋ ላይ የምታስቀምጠው አዘጋጅቻለሁ፣ ስትመጣ የጤና ሰርተፊኬቱን አብረን እናስጨርሳለን።